ቀድሪያና ትርንጎ ያወጡት ኪሞኖ

ትርንጎ ነገሌ ቦረና ገበያ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ስትሰፋ ነው ጸጉሯ የሸበተው። አንድ ቀን ከሜጋ የመጣች ወጣት አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ ፊቷ ቆመች።

"እትዬ ትርንጎ፣ ካውሰር እባላለሁ፣ የቀድሪያ ልጅ ነኝ። ላገባ ነው። እናቴ ‘ያንን ኪሞኖ ትስፋልሽ’ ብላ ላከችኝ።"

ትርንጎ ጨርቁን ትታ ልጅቱን አየቻት። ግንባሯ ቁርጥ እናቷን ነው።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ትርንጎና ቀድሪያ ልጃገረዶች ነበሩ። የቀድሪያ አባት ልባሽ ጨርቅ ይነግዱ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ከቦንዳው ውስጥ ጀርባው የተቀደደ የጃፓን ቀሚስ ወጣ። የሚገዛው ሲጠፋ ለልጃቸው ሰጧት። ሁለቱ ጓደኛሞች ስፌቱን እየተረተሩ፣ እየሳቁ፣ እየተጨቃጨቁም ከዚያ ኪሞኖ ያሉትን የራሳቸውን ሸሚዝ አወጡ፤ ሰፊው እጅጌ ከአካሉ ጋር አብሮ የሚቆረጥ፣ ኮሌታው ደረት ላይ ተደራርቦ የሚያርፍ። በዚያ ዓመት ለዒድም ሆነ ለፋሲካ ያለ ኪሞኖ የወጣች የነገሌ ልጃገረድ ብትፈለግ አትገኝም ነበር። በኋላ ቀድሪያ ተድራ ሜጋ ገባች። ተሰፍቶ የመጣ ልብስ በየሱቁ ሲሞላም ኪሞኖውን የሚያዝ ጠፋ።

ትርንጎ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞከረችው። ካውሰር ለብሳ ክንዷን ስታነሳ ሸሚዙ አብሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ኮሌታውም አንገቷ ላይ አልተኛም። ትርንጎ ብታስብ ብታሰላስል አልመጣላትም። በመጨረሻ ለቀድሪያ ስልክ ደወለች።

"አካም፣ ቀድሪያ?"

"ናጋ። ጠፋብሽ አይደል?" ቀድሪያ ሳቀች። "ብብት ሥር የምናስገባትን ቁራጭ ረሳሻት? ኮሌታውን ደግሞ በሰያፍ ቁረጪ እንጂ። ማጅራት ላይ ስትደርሺ ትንሽ ሳብ አድርጊው፣ ትንሽ ብቻ።"

"አንቺ ነበርሽ የምትስቢው፤ እኔ መኪናውን እረግጥ ነበር" አለች ትርንጎ።

ሸሚዙ ሲያልቅ በሰው እጅ መላክ አላስቻላትም። ከሠርጉ ቀደም ብላ ራሷ ይዛው ተሳፈረች፣ ሜጋ ስትደርስም ቀድሪያ በር ላይ ጠበቀቻት። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ቀድሪያ ሸሚዙን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

"ይቺኛዋ ቁራጭ ትንሽ ተጣማለች።"

"ዓይንሽ ነው የተጣመመው።"

"አምጪ መቀሱን" አለች ቀድሪያ።

ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብብቱን ተረተሩት። ቀድሪያ ያዘች፣ ትርንጎ በመርፌ ሰፋች። በወሬ መሀል ያረጁትን፣ የሞቱትን፣ ነገሌን ለቀው የሄዱትን አነሱ። ካውሰር ልትለካው መጥታ "አልደረሰም?" ብትላቸው፣ እናቷ ቀና ሳትል "ቆዪ፣ አትቸኩዪ" አለቻት።