ቅቤ የጠጣው የስቲክ ቆዳ

አንድ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አሸንፎኛል። ስድስት ዓመት! ተሳስቶ እንኳ አንድም ቀን አልተሸነፈልኝም። ሮቤ ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። እሱ የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ምደባ አምጥቶ ባሌ ላይ ጣለው። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ በሚኒባስ እመለሳለሁ። እሁድ ደግሞ ምሳዬን በልቼ ሮቤ እወርዳለሁ፤ እሱ ፑል ቤት ቀድሞኝ ገብቶ ስቲኩን ጠመኔ እየቀባ ይጠብቀኛል። "ሳምንቱን ሙሉ በጠመኔ፣ እሁድንም በጠመኔ!" ትላለች ባለቤቴ። "ምናለ እዚያው ሰሌዳው ሥር ብታድር?"

ማሸነፉስ ይሁን፤ ዝም ብሎ ማሸነፉ ነው የሚያቃጥለኝ። አይስቅም፣ አይፎክርም። ፈተና ሲያርም ለተማሪ ግማሽ ነጥብ የማይጨምር ሰው ነው፤ ፑል ላይም እንደዚያው። እኔን ደግሞ እግዜር ሲፈጥረኝ ችሎ ዝም ማለትን ረስቶብኛል። ስሸነፍ ጠረጴዛው ዘሟል እላለሁ፣ ጨርቁ ብርድ መትቶታል እላለሁ፣ የሆነ ሰው አስነጥሶብኛል እላለሁ። ብቻ ጥፋቱ እኔ ጋ አይደርስም።

አንዱ ጥፋት ግን በእርግጥ የኔ ነበር። ስቲክ የምንለው ረጅሙ መምቻ እንጨት ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ቆዳ አለችው፤ ኳሷን የምትነካው እሷ ናት። ለስላሳ ከሆነች ጠመኔ ደህና አድርጋ ትይዛለች፤ ግን እንደኔ በንዴት የሚመታ ሰው እጅ ከገባች በወሯ ትጠፈጠፋለች። ጠንካራዋ ዕድሜ አላት፤ ጠመኔ ግን ብዙ አትይዝም፣ ከመሃል ትንሽ ወጣ አድርገህ ከመታህ ትንሸራተታለች። እኔ ሁልጊዜ ጠንካራዋን ነበር የማስለጥፈው። ለምን ቢሉ፣ ጠንካራ ናት መባሉ ደስ ስለሚለኝ። እሱ ስንት ጊዜ መከረኝ፤ "መካከለኛ ሆና ጠንከር የምትለውን አድርግ፤ ላንተ እጅ የምትሆነው እሷ ናት።" የሚያሸንፈኝ ሰው የመከረኝን እኔ ልሰማ? ሞቼ ነው!

ባለፈው ጥር የዝውውር ደብዳቤው መጣ። እናቱ አርባ ምንጭ ብቻቸውን ናቸው፤ እሳቸው ጋ ለመሄድ ከጠየቀ ቆይቷል። "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት። በሆዴ ግን ተቆጣሁ፤ ማንን እንደተቆጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀረችን አንዲት እሁድ ነበረች፤ ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ሊሄድ ነው። ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ። ይህን ሰውዬ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በንጹሕ ጨዋታ ሳላሸንፈው ከባሌ አይወጣም።

ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ምክሩን ሰማሁ። ረቡዕ ከክፍል ስወጣ ሮቤ የስፖርት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩና ጠንከር ያለ መካከለኛ ቆዳ አምጣ አልኩት። ባለ ሱቁ አንድ ፓኮ ዘረገፈልኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የተባለው ውሸት ነው፤ ቆዳ ከበሬ በሬ ይለያያል። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጫንኳቸው። አንዷ ሰርጉዳ ቀረች፤ ተውኳት። አንዷ ጭራሽ አልተበገረችም፤ እሷንም ተውኳት። አንዷ ግን የጥፍሬን ምልክት ተቀብላ ቀስ ብላ መለሰችው። መስታወቱ ላይ ጣል አደረግኳት፤ ድምጿ ደነዝም አይደለም፣ ድንጋይም አይደለም። "ምነው ጋሼ፣ ሚስት እየመረጡ ነው እንዴ?" አለኝ ባለ ሱቁ። "ሚስቴንማ እንዲህ ተጠንቅቄ አልመረጥኩም" አልኩት፤ ባለቤቴ ይህን እንዳትሰማ።

የሚለጥፉልኝ ጎባ ያሉ አንድ ኮርቻ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። ጎባ ውስጥ ቆዳ የነካው ነገር ሁሉ፣ ከልጓም እስከ ኳስ፣ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው። "ቢስሚላህ" ብለው አሮጌውን በምላጭ አነሱ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አስተካከሉ፣ ማስቲሽ ቀብተው አዲሲቱን ለጠፏት፤ ጠርዟን ከእንጨቱ ጋር እኩል አድርገው ከረከሟት። ሥራ ነው ካሉ እንዲህ ነው! ሲደርቅ መጥቼ ልቀበል ስል ጣታቸውን ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ነከር አድርገው ቆዳዋን ማሸት ጀመሩ።

"አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ቅቤ ነዋ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከኔ እጅ ቅቤ ሳይጠጣ የወጣ ቆዳ የለም። የዚህ አገር ብርድና ነፋስ ደረቅ ቆዳ ካገኘ፣ ወላሂ፣ ይሰነጥቀዋል።"

ይህን የሚከራከር የጎባ ልጅ የታለ? እኛ አገር ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ አለንጋው ሁሉ ቅቤ እየጠጣ ነው የሚያረጀው። "እጅዎ ይባረክ አባባ፤ ጨመር ያድርጉበት!" አልኳቸው። እሱም አልበቃኝ፤ ቅዳሜ ማጀት ገብቼ ራሴ ደገምኩላት። ባለቤቴ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። "ለጸጉሬ ስጠይቅህ ቅቤ ተወደደ ትላለህ፤ ለእንጨትህ ሲሆን ተገኘ አይደል?" ስቲኬን ታቅፌ ከማጀት ወጣሁ።

እሁድ ደረሰ። ፑል ቤቱ ጢም ብሏል፤ የመሰናበቻ ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ሰምቷል። ጠመኔዬን ቀባሁና ጎንበስ ብዬ መታሁ። ስቲኬ ሸተት! ነጯ ኳስ አጠገቧ ያለችውን ሳትነካ እየተንከባለለች ሄዳ ቀዳዳ ገባች። ጠመኔ ጨመርኩ፤ ሁለተኛም ሸተት። ሦስተኛ ላይ አንዱ ከኋላ "ዶሮ ወጥ ሸተተኝ" ሲል ቤቱ አውካካ።

ጓደኛዬ ስቲኬን ተቀብሎ ጫፏን አሸተተ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ቅቤ።"

"ቅቤ?"

"ቆዳ አይደለች እንዴ!" አልኩት በቁጣ።

ያ የማይስቅ ሰው ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "አንተ ሰው፣ ኮርቻ አደረግካት እኮ! ጠመኔ ቅቤ ላይ እንዴት ብሎ ይያዝ?" አለ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ ግን አልቻልኩም፣ አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ተነስቶ "ይሄ አይቆጠርም" አለና የራሱን ስቲክ ሰጠኝ። በአንድ ስቲክ እየተቀባበልን ልንጫወት ተስማማን።

የሱም ቆዳ ያው ጠንከር ያለች መካከለኛ ነበረች። በመጀመሪያው ምት ገባኝ። ኳሷ እዚያ ሂጂ ያልኳት ቦታ ሄደች። ለካ እንዲህ ኖሯል! ስድስት ዓመት በገዛ እልኼ ስንገላታ ኖሬያለሁ። እሱ አንድ ሲያስገባ እኔም አንድ፣ እሱ ሁለት ሲል እኔም ሁለት፤ በመጨረሻ ለሁለታችንም ጥቁሯ ብቻ ቀረች። እሷን ያስገባ አሸነፈ።

ሞከርኩና ሳትኩ። ጥቁሯ የቀዳዳው አፍ ላይ ቆመች፤ ሕፃን በመጥረጊያ የሚያስገባት ቦታ ላይ። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ጎንበስ አለ። ቆየ። በጣም ቆየ። መታና ሳታት፤ ነጯ በጎኗ አለፈች። ቤቱ ጮኸ። ስቲኩን ከእጁ ነጠቅኩና ጥቁሯን አስገባኋት።

"ጃባዱ! በርታ!" እያሉ ጀርባዬን ደበደቡኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እሱ ያንን ኳስ ይስታል? "አውቀህ ነው!" ብዬ ጮህኩበት።

"አይደለም" አለኝ በቀስታ።

"ምጽዋት አልፈልግም! ስድስት ዓመት ያልሰጠኸኝን ዛሬ ልትመጸውተኝ?" ጥቁሯን ከቀዳዳው አውጥቼ ቦታዋ ላይ አቆምኳት፤ ነጯንም መለስኩ። "ድገመው!"

ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ጎንበስ ብሎ መታ። ገባች። ተሸነፍኩ። ቢያንስ በንጹሕ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ወደ ጎባ ሚኒባሶች ሸኘኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ እንደተቀመጥኩ ጠጋ አለኝ።

"አውቄ አልሳትኳትም። እመነኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

ወዲያና ወዲህ አየ፤ ሰው እንዳይሰማው። "ጎንበስ ስል ዓይኔ እንባ ሞላብኝ። ኳሷ አልታየችኝም።"

"ያኔ አትነግረኝም ነበር?"

"ያ ሁሉ ሰው ፊት?"

እኔ ለራሴ ጨዋታ ስጮህ እሱ ለኔ እያለቀሰ ነበር። ሚኒባሱ ተነሳ። መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ።

"እንግዲያው አሸንፌሃለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ።

"አሸንፈኸኛል!" አለኝ እጁን እያውለበለበ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጉንጩን ሳይጠርግ።