«ገባኝ» እስኪል ድረስ

በኡንጋራን ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቡ ኤንዳንግ፣ እመት ኤንዳንግ እንደማለት ነው፣ የምትባል ጡረተኛ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች። እኩዮቿ የልጅ ልጅ ሲያቅፉ እሷ ኮምፒውተር ፊት ተጎልታ፣ በኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ በነጻ ለሚያነበው መዝገበ ዕውቀት ስለ ቴሌኮም ትጽፋለች። የባሕር ውስጥ ገመድ፣ ሳተላይት፣ የሞባይል ማማ፤ ሁሉም የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን እንዴት እንደሚሠራ የማይጠይቀው ነገር። ክፍያ የለውም።

ጽሑፏ ግልጽ ነው ተብሎ ይመሰገን ነበር። ምስጢሩ ባሏ ነው። ፓክ፣ ማለትም አቶ፣ ጉናዲ ዕድሜውን ሙሉ ከኡንጋራን ወደ ሰማራንግ ከተማ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ፣ ስለ ሞገድ ቅንጣት ታህል የማያውቅ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ ይቀመጣል፣ እሷ ታነብለታለች።

«ቡ፣ ይሄን ለመሐንዲስ ነው እንዴ የጻፍሽው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ ጭንቅላትህን ብታሠራው ምን አለበት?»

«እሱን መሪ ላይ ጨርሼዋለሁ።»

እየተነጫነጨች ታስተካክላለች። «ገባኝ» ካላለ አንድ መስመር አታወጣም።

በመኪና እየሄድን በስልክ ስናወራ መስመሩ ለምን እንደማይቋረጥ የሚያስረዳውን ጽሑፍ አብረው ነው የሠሩት። ምሳሌው የእሱ ነው፤ ሚኒባስ መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ሌላ መኪና ሳይመጣ ተሳፋሪውን አያወርድም። ማማውም ደዋዩን ቀጣዩ ማማ ሳይቀበለው አይለቀውም።

በዝናቡ ወራት ጽሑፉን ለማደስ ብላ እንደገና አነበበችለት። ትክ ብሎ አያት።

«የትኛው ማማ?»

ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ አሳጠረችው። በማግስቱ «የትኛው ተሳፋሪ?» አለ። የሚኒባሱን ምሳሌ ሰረዘችው። በሌላው ቀን ደግሞ ሌላ ቆረጠች። መነጽሩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጡን፣ ከገበያ ሲመለስ የጎረቤት በር ማንኳኳቱን አይታ እንዳላየች አለፈች። ጽሑፍ ይታረማል። ስለዚህ የተበላሸው ጽሑፉ ነው ብላ ድርቅ አለች።

አንድ ጠዋት፣ ሩቅ ማካሳር ከተማ ሆኖ ጽሑፎቿን የሚከታተል ሄንድራ የሚባል አስተማሪ መልእክት ላከላት።

«ቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምን ነካዎት? ያ ግሩም ጽሑፍ ሦስት መስመር ብቻ ቀረው እኮ። ልጆቹን በእሱ ነበር የማስተምራቸው። የድሮው ምንም አልጎደለውም ነበር።»

መዝገበ ዕውቀቱ የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ አንድ ቁልፍ ተጭኖ መመለስ ይቻላል። ኤንዳንግ ግን ወዲያው አልተጫነችውም። የድሮውን ከመለሰች ጽሑፉ ደህና ነበር ማለት ነው። ጽሑፉ ደህና ከነበረ ደግሞ የታመመው ጉናዲ ነው። የጠበሰችው ቴምፔ፣ የአኩሪ አተሩ ቂጣ፣ ሳህኑ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀመጠች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነችው፤ አለቀሰችም።

ጉናዲ ከጓሮ ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ዓይኗን ጠራርጋ የድሮውን፣ ሙሉውን፣ ከነሚኒባሱ አነበበችለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ገባኝ» አለ።

ፈገግ ብላ ቀና አለች።

«ጎበዝ ሰው ነው የጻፈው። ባለቤቴም እንዲህ ያለ ነገር ትጽፋለች። ስትመጣ እባክዎ ያንብቡላት፣ ደስ ይላታል።»

«እሺ፣ አነብላታለሁ» አለችው።