ድነሻል የተባለችው ሴት

ተስፋነሽ ሰበታ ውስጥ ብርድ ልብስ በሚያመርት ፋብሪካ የጠርዝ ስፌት ትሠራለች። ከዱራሜ የመጣችው ሥራ ፍለጋ ነው፤ ሕመሙን ግን ከአገሯ ይዛው ነው የመጣችው። በየወሩ ደሟ ሲመጣ ከእምብርቷ በታች የሆነ ነገር ይጨመድዳታል፤ ወገቧን ይዞ ወደ ጭኗ ይወርዳል፤ ሽንት ቤት መቀመጥ ራሱ ጣር ይሆንባታል። ይህን በተናገረች ቁጥር መልስ የሚሰጣት አላጣችም። እናቷ «ስታገቢ ይተውሻል» አሏት። አገባች። አማቷ «ስትወልጂ ይተውሻል» አሏት። ልጁ አልመጣም። የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር፣ ራሱ ጉንፋን ሲይዘው ሳምንት የሚተኛው ሰውዬ፣ «ሴት ሁሉ ያማታል፤ አንቺን ምን ለየሽ?» አላት። የሰፈሩ ክሊኒክ ደግሞ እንደ ወጉ ታይፎይድ አገኘባት። እዚያ ክሊኒክ የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ የተመለሰ ሰው እንኳ ታይፎይድ ሳይገኝበት አይወጣም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሆዷን በትንሹ ከፍተው በካሜራ አዩና ለነገሩ ስም ሰጡት፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ፣ አንጀቷ ላይ ሳይቀር በቅሏል። በየወሩ እሱም ያብጣል፣ እሱም ይደማል፤ መውጫ ግን የለውም። ሐኪሟ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችላትና፣ ለቀረው ሕመም በስልክ ቪዲዮ እንቅስቃሴ ወደምታሠራ ኢየሩስ ወደምትባል ፊዚዮቴራፒስት መራቻት።

«ተስፍዬ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ» አለች ኢየሩስ በመጀመሪያው ቀን ከስልኩ ውስጥ። «እኔ አላድንሽም።»

ተስፋነሽ ደነገጠች። ግድግዳው ሁሉ የፈውስ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ከተማ «አላድንም» ብሎ ሥራ የሚጀምር ሰው ገጥሟት አያውቅም።

«ታዲያ ምን ታደርጊልኛለሽ?»

«ሕመሙ በመጣ ቁጥር ሰውነትሽ ይኮማተራል። ተኮማትሮ ተኮማትሮ ዳሌሽ ውስጥ ያለው ጡንቻ መላላት ረስቷል። ሕመሙ አንድ የነበረው ሁለት ሆኗል ማለት ነው። ሁለተኛውን እንቀንሰዋለን።»

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ክፍተት ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፤ ስልኩን የውሃ ጀሪካን ላይ ታስደግፋለች፤ በጨርቅ የቋጠረችውን ትኩስ ጨው ሆዷ ሥር ታደርጋለች። ከዚያ ተንበርክካ ተረከዟ ላይ ትቀመጥና ግንባሯን መሬት አስነክታ እጆቿን ወደፊት ትዘረጋለች። ትንፋሹ የጀርባዋን ጎድን እስኪከፍተው ትስባለች፤ ስታወጣ ደግሞ ታችኛውን ጡንቻ ትለቃለች።

«እዚያ ድረስ ነው የምተነፍሰው?» አለች አፍራ።

«እዚያ ድረስ።»

«ጌታ ሆይ።»

«እሱንም አየሩን ካወጣሽ በኋላ ጥሪው።»

ባሏ ሲላስ የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን በቆርቆሮ አዳራሽ በምትሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ ወለል ላይ ስታቃስት በእግሩ ጣት ተራምዶ ያልፋል፤ ከዚህ በላይ ደግነት ማንም አላስተማረውም።

ክኒኑን እየዋጠች፣ ወለሉ ላይ እየተነፈሰች ወራት አለፉ። አንድ ወር ላይ ሕመሙ መጣ፤ ግን አልጣላትም። ከማሽኗ ሳትነሣ ዋለች። ወደ ቤት ስትገባ «ዛሬ እኮ ተቀምጬ ሠራሁ» አለችው ባሏን፤ ደስታዋ አፏን ስለከፈተው። ዝም ብትል ይሻላት ነበር።

በዚያች አዳራሽ ወግ አለ። የዳነ ሰው ድኛለሁ ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ ያሳያል። ወገቡን ያመመው ጎንበስ ቀና ይላል፣ እግሩን ያመመው ይሮጣል፣ ሆዷን ያመማት ትዘላለች። መድኃኒት ያለው ደግሞ ከመድረኩ ፊት ያለው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ሌላ ቦታ ሐኪም ምርመራ የሚለውን እዚህ ጭብጨባ ይሉታል፤ ውጤቱም ወዲያው ይደርሳል።

እሑድ ሲላስ ከኪቦርዱ ተነሥቶ ማይክ ያዘ። «ሚስቴ ዓመታት ታማ ነበር፤ በጸሎታችሁ ጌታ ጎበኛት» አለ። ስለ ኢየሩስ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ጨው ቋጠሮው አንድ ቃል አልተነፈሰም። አዳራሹ ተናወጠ። ፓስተር አጵሎስ ጠራት።

«እህት ተስፋነሽ፣ ሕመሙ አለ?»

ሕመሙ አለ። የሚመጣበትን ሳምንት እየጠበቀ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ፊቷን ያያል። ዕድሜዋን ሙሉ ስለዚህ ሆዷ ስትናገር ሰው ፊቱን ሲያዞርባት ነው የኖረችው፤ ያጨበጨበላት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«የለም» አለች።

«ዝለይ።»

ዘለለች። ክኒኗንም ከቦርሳዋ አውጥታ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለች። አንድ ሰው በስልኩ ቀረጻት፤ ሳታርፍ አየር ላይ እንዳለች በቤተ ክርስቲያኗ ገጽ ላይ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መታከም ነውር ሆነ። ሲላስ ብርድ ልብሱን ከወለሉ አንሥቶ አጠፈው። «ተስፉ፣ ሰው ቢያይሽ ምን ይላል? የዳነ ሰው ይታከማል? ጌታን ማሳፈር ነው» አላት። ጌታን ይበል እንጂ ያሰበው ኪቦርዱን ነው። ክኒኑን መልሳ እንዳትገዛ፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ከፊት ወንበር የሚቀመጡት የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው፤ ያጨበጨቡትም አብረው ነው። አዲስ አበባ ሄዳ እንዳትገዛ ደግሞ ራሷን ፈራች፤ ያን ሁሉ ሰው የዋሸች መሆኗን በገዛ እጇ ማረጋገጥ መሰላት።

የቀራት ራህመት ነበረች። ራህመት ባለሱቅ ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ በሩዝና በስኳር ጆንያ መካከል ጠበብ ያለ ቦታ አላት። ተስፋነሽ ከሥራ ስትመለስ እዚያ ትገባና ስልኳን ጆንያ ላይ ታስደግፋለች።

«ጉድ እኮ ነው» አለች ራህመት ሳሙና እየደረደረች። «ቸርች የዳንሽ፣ ሱቄ ውስጥ የምትታመሚ። ለምን እዚያው አትታመሚም? አዳራሹ ሰፊ ነው።»

«ተይ ራህመት፣ ትንፋሼን አታሳቺኝ።»

«እኔ እንኳ የዘለልሽበትን ቪዲዮ አይቻለሁ። ወላሂ ጥሩ ትዘልያለሽ። ስፖርተኛ ነው የመሰልሽኝ።»

ተስፋነሽ ሳቀችና ሆዷን ያዘች። ደንበኛ ሲመጣ ራህመት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በኦሮምኛ «ማል ባርባዳ?»፣ ምን ፈለግክ፣ ትላለች፤ ተስፋነሽም ደንበኛው እስኪሄድ አፏን በነጠላዋ አፍና ትተነፍሳለች። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው የሴት ጣር እንዳይሰማ ጥንቃቄ ይደረግለታል።

ክኒኑ በቀረ በሁለተኛው ወር ሕመሙ ከደሙ ጋር ተመለሰ፤ ገንዘቡ የከረመበት አበዳሪ ይመስል በጉልበት። የመጣውም ሲላስ የምስጋና ፕሮግራም ባዘጋጀበት ቅዳሜ ነው። ጠዋት «ዛሬ አልችልም» ብትለው «ፓስተር ራሱ ይመጣል እኮ፤ ለአንድ ሰዓት ታገሺ» አላት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በአልጋው ጠርዝና በተዋሱት አግዳሚ ላይ ተደረደሩ፤ ፓስተር አጵሎስ ብቸኛዋን ወንበር ያዘ። ዳቦ ተቆረሰ፤ ለስላሳ ተከፈተ። ተስፋነሽ ጠርሙስ እያቀበለች ሳለ ሕመሙ ወገቧን ይዞ ወደ ጭኗ ወረደ። ዳቦውን ለማንሣት ጎንበስ ያለች መስላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ተረከዟ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯን መሬት አስነካች፤ እጇን ዘረጋች።

ሴቶቹ ዳቧቸውን እንደያዙ ወደ ወለሉ አዩ።

«ጌታ ይባረክ፤ ምስጋናው ጣላት» አለች አንዷ።

እነሱም ተንበረከኩ። አንድ በአንድ፣ በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ። ጸሎቱ ጋለ። ከዚያ እጅ መጫን መጣ፤ አንዷ ትከሻዋ ላይ፣ ሌላዋ ወገቧ ላይ፣ ፓስተሩ አናቷ ላይ። ሲላስ ከዳር ሆኖ «አሜን» ይላል። ተስፋነሽ አየር ለመሳብ ሞከረች፤ ጀርባዋ በእጅ ተጭኖ ጎድኗ አልከፈትም አላት። እንደገና ሞከረች። በዚህች ምድር ላይ የሚያስታግሳት አንድ ነገር ቢቀራት ይህ ትንፋሽ ነው፤ እሱንም በፍቅር ተጭነውባታል።

«እጃችሁን አንሡልኝ» አለች ከመሬት።

አልሰሟትም።

«እጃችሁን አንሡ። እየጸለይኩ አይደለም። አሞኛል።»

እጆቹ ተነሡ። ፓስተር አጵሎስ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ያ የሕመም ስሜት ውሸት ነው። ፈውስሽን በአፍሽ እንዳትጥዪው።»

«ፓስተር፣ እርስዎ ዝለይ ሲሉኝም አልዳንኩም ነበር። ክኒን ስለዋጥኩና እንደዚህ ስለተነፈስኩ ነው ቀለል ያለኝ። ዋሽቻችኋለሁ። አሁን ቦታ ልቀቁልኝ፤ አየር አጣሁ።»

«ደክሟት ነው» አለ ሲላስ። ማንም አላየውም። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ተነሡ፤ የተቆረሰው ዳቦ ከነሰፌዱ ቀረ። ሲላስ ሊሸኛቸው ወጣና እስኪመሽ አልተመለሰም።

በማግሥቱ ፓስተሩ ፈውሳቸውን በአፋቸው ስለሚያጡ ሰዎች ሰበከ። ስም አልጠራም፤ ጨዋ ሰው ነው። ቪዲዮው ከገጹ ላይ ወረደ። ሲላስም «ለጊዜው ዕረፍ» ተባለና ኪቦርዱን ሌላ ልጅ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ቡራዩ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ የሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ ያድራል። ፋብሪካ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ ልጆች ምሳ ሲበሉ ለተስፋነሽ ቦታ አይጠብቁላትም። ክኒኑን አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ገዛች። ሕመሙ አልጠፋም፤ ኢየሩስም ይጠፋል ብላ አታውቅም። አንዳንድ ወር ከማሽኗ ሳትነሣ ትውላለች፤ አንዳንድ ወር አቅፈው ያወጧታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሷን አንጥፋ እየሠራች ሳለ ሲላስ በሩን ከፍቶ ገባ። ሻንጣውን ሊወስድ ነው የመጣው፤ ሻንጣው ያለው ከአልጋው ሥር፣ ከእሷ ማዶ ነው።

«ዞር በይልኝ» አላት።

«ቆይ። አልጨረስኩም።»

ከስልኩ ውስጥ ኢየሩስ «ማን መጣ?» አለች።

«ባለቤቴ ነው። ቀጥዪ።»

ሲላስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ተስፋነሽ አየሩን ሳበች፤ አወጣች። አሁንም ሳበች። እሱም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክትጨርስ ጠበቀ። አልፈጠነችም።