የግራኝ ቢላ

ሽማግሌው ቶኩጂ ጥሬ ዓሣ ሳስቶ ካልተቆረጠለት አፉን አይከፍትም። ቢላውንም የሚመርጠው ራሱ ነው፤ በቢላ ሥራ ወደምትታወቀው ሳካይ ከተማ ወርዶ፣ በገዛ እጁ ሞክሮ ይገዛና ለሚስቱ ለፉሳኤ ይሰጣታል። እሷ ዓሣውን ስትቆርጥ ግን ይጣመማል ባይ ነው። «እጅ ነው ወይስ መጥረቢያ?» እያለ በእንግዳ ፊት ሳይቀር ሲያሾፍባት አርባ ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ጉልበቱ ስለከዳው ፉሳኤ ደግፋው እስከ ቢላ ሱቁ አብራው ሄደች። ባለሱቋ ሻይ ስታቀርብላቸው ፉሳኤ ስኒውን በግራ እጇ ተቀበለች።

«እማማ፣ ግራኝ ነዎት እንዴ?» አለች ባለሱቋ። «የጥሬ ዓሣ ቢላ እኮ ስለቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። እኚህ አባት የያዙት የቀኝ ነው፤ በግራ ሲይዙት ይጣመምብዎታል። የግራኝ ለብቻው አለ።»

ቶኩጂ ክው አለ። ግራኝ መሆኗን ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አንቺ ያዢው» ብሏት አያውቅም።

«በይ የግራኙን እንውሰድልሽ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ፉሳኤ የግራኙን ቢላ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«ተወው ባክህ። ስትስቅብኝ ጊዜ በቀኜ መቁረጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ። አላየህም?»