በእትዬ ቁልፍ እጅ የቀረው መታወቂያ

አክስቴን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። በምትሠራበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «እትዬ ቁልፍ» ነው የሚሏት። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች፣ አንጠልጥላ ታድራለች። እኔ ያሳደገችኝ የእህቷ ልጅ ነኝና በእሷ የመቀለድ መብት አለኝ፤ ስትሞቺም ከነቁልፍሽ ነው የምንቀብርሽ እላት ነበር። እሷም አንቺ ምላስሽን ይዘሽ ትቀበሪያለሽ፣ እኔ ቁልፌን ትለኛለች።

ድርጅቱ የትልልቅ ሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ ያጥባል። አጣቢዎቹ ከሩቅ የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ የሚያድሩትም ከማሽኖቹ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ነው። አንድ ጊዜ አንዷ መታወቂያዋን ሽርጧ ኪስ ውስጥ እንደረሳችው ሽርጡ ማሽን ገባ። ካርዱ ፎቶም ጽሑፍም የሌለው ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጅቱ ስታለቅስ አክስቴ እንባዋን ጠረገችላትና ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ከእንግዲህ ለእኔ ስጡኝ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው አለቻቸው። የእያንዳንዷን መታወቂያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ባለው የብረት ቁም ሣጥን አስቀመጠች። የፈለገች ትጠይቃለች፣ ወዲያው ይሰጣታል። እስከዚህ ድረስ ደግነት ነበር፤ በዚህ ማንም አይወቅሳትም።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ወደደው። እንዴት አይወደው! ብዙም ሳይቆይ አዲስ የምትቀጠር ሁሉ መታወቂያዋን ለእትዬ ቁልፍ ሳታስረክብ ሥራ እንዳትጀምር አዘዘ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ሥራ አስተምረናቸው ጥለውን ይሄዳሉ ብሎ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ለማንም እንዳይመለስ አለ። አክስቴ ልዩነቱ አልታያትም። ቁም ሣጥኑ ያው፣ ጨርቁ ያው፣ ቁልፉም ያው ነው።

ከልጆቹ መሀል አብልጣ የምትወዳት «ሳቂታ» የሚሏት አጣቢ ነበረች። ቤት መጥታ የምታወራልኝ ስለ እሷ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እቀና ነበር። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሳቂታ አንዱን ጫፍ ይዛ ድንገት ሳብ ታደርግና አክስቴ ስትንገዳገድ በሳቅ ትፈርሳለች። አክስቴም እየተቆጣች አብራ ትስቃለች።

አንድ ቀን የሳቂታ እናት በጠና ታመመች የሚል መልእክት መጣ። አገሯ ለመድረስ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ አለ፤ በየኬላው ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። ልጅቱ ግምጃ ቤት መጥታ መታወቂያዋን ጠየቀች። አክስቴ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዳ ለመነችላት፤ እሱም ውሏ ሲያልቅ ትወስዳለች ብሎ መለሳት። ቁልፉ እኮ አንገቷ ላይ ነው፣ ቁም ሣጥኑም ከኋላዋ! ግን ታገሺ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል አለቻት።

ሳቂታ መሬት መሬት እያየች፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የሰጠሁት ለእርስዎ ነው፤ ለእሱ አይደለም» አለች።

አክስቴ አቅፋ ሳመቻትና ወደ ሥራዋ መለሰቻት።

እናትየዋ ልጇን ሳታይ ሞተች፣ ተቀበረችም። ከዚያ በኋላ ሳቂታ አንሶላውን ሳብ አድርጋ አታውቅም፤ ዝም ብላ ታጥፋለች። ጥቂት ቆይታ አንድ ጠዋት መታወቂያዋን ሳትጠይቅ ወጥታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አልነበረም።

በዓመቱ ከሆቴሎቹ አንዱ፣ አንሶላውን የሚያጥቡለት ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩ መሆን አለመሆናቸውን የምታጣራ ሴት ላከ። ሥራ አስኪያጁ ምን ብለው እንደሚመልሱ ሠራተኞቹን ሲያስጠና ሰነበተ፤ እትዬ ቁልፍን ግን ማን ጠርጥሯት! ሴትየዋ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ስትጠይቅ አክስቴ የምትመሰገን መስሏት በኩራት ከፈተችው። አንዱንም አልጣልኩም ብላ ጨርቁን እየፈታች አሳየቻት። አይ የኔ አክስት! ሴትየዋ መታወቂያዎቹን አንድ በአንድ አየችና፣ ልጆቹ ሲጠይቁዎት ይሰጧቸዋል ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀቻት። አክስቴ ውሸት አታውቅበትም። አፏን ስትከፍት የመጣላት የሳቂታ ነገር ነበር። ያደረገችው የገባት ገና ስትናገረው ነው። እዚያው የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሆቴሉ ይህ ካልተስተካከለ አንድም ፎጣ አላሳጥብም አለ። መታወቂያዎቹ ተመለሱ፤ ለእያንዳንዷ ልጅም በራሷ ቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን ተሠራላት። ድሮስ ቢሆን አናጢ መጥራት አይበቃም ነበር? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ መታወቂያ ቀረ።

አክስቴ ጡረታ ስትወጣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረከበች። ያን መታወቂያ ግን ቤት አምጥታ የራሷ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበትና የሣጥኑን ቁልፍ በዚያው ገመድ አንገቷ ላይ አሰረች። ያገኘችውን ሁሉ ስትጠይቅ ኖራ፣ በመጨረሻ ሳቂታ ሌላ ከተማ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች የሚል ወሬ ሰማችና መታወቂያውን ይዛ ሄደች። አብሬሽ ልሂድ ብላት እምቢ አለችኝ።

ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነገረችኝ። ሳቂታ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ተቀበለቻት፤ ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃ አመጣችላት። መታወቂያውን ተቀብላ ሳታየው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዛ አነሣቻት። ያኔ አክስቴ፣ ለምን አልጮኽሽብኝም፣ ለምን ነጥቀሽኝ አልሄድሽም ብላ ጠየቀቻት።

«ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ቁም ሣጥኑን ሰብሬ እወስደው ነበር፣ እትዬ» አለች ሳቂታ። «እርስዎን ማስቀየም ከብዶኝ ነው እናቴን ሳላያት የቀረሁት።»

እኔ ምላሰኛዋ ጎንበስ ብዬ ሌላኛውን ጫማዋን አወለቅሁላት። አክስቴ ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝና፣ እግሬን አሞኛል፣ ትንሽ ውሃ አሙቂልኝ አለችኝ።