ከታይላንድ የመጣው የባቄላ ውሃ

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሲል አከራዬ አያ ኪሮስ በሬን አንኳኩ። ከታይላንድ ከተመለሱ ገና መግባታቸው ነው። ነይ ምሳ አብረን እንቅመስ፣ የመከርሽኝ ሁሉ ሠርቷል አሉኝ። ፊታቸው በርቷል... እኔ ግን «የመከርሽኝ» የምትለዋ አልጣመችኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሰቆጣ ተመድቤ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ አገሬ ደብረ ታቦር ነው። አያ ኪሮስ ደግሞ ንብ አናቢ ናቸው፤ ቀፎዎቻቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠሩ ውስጥ ነው ያሉት። ታይላንድ ላይ ለንብ አናቢዎች የልምድ ልውውጥ ሲዘጋጅ ከዚህ እሳቸው ተመረጡ። ዓምና ለሥልጠና ተልኬ ያንን አገር የረገጥኩ ከግቢው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ አማካሪያቸው ሆኜ አረፍኩት።

እኔ ደግሞ ምክር ስወድ... አዘነብኩታ። ሙቀቱ የአበርገሌ ቆላ ላይ ውሃ የረጩበት ነው፣ ስስ ልብስ ይያዙ አልኩ። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው፣ ዣንጥላ አይርሱ። የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማዎን ያውልቁ፤ ሕፃን ቢያምርዎት ራሱን እንዳይዳብሱ፣ ነውር ነው። ሚጥሚጣ ልያዝ ወይ ሲሉኝ፣ ኧረ እነሱ ራሳቸው ያቃጥሉዎታል አልኩ። ጋቢዎን ይተዉት ያልኳቸውን ብቻ አልሰሙኝም። ለካ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ የአዳራሹ ኤሲ ሌላውን ሲያንዘፈዝፍ እሳቸው ተከናንበው ስብሰባቸውን ተካፍለዋል።

ሁሉን ጠይቀው ሲጨርሱ ወደ ዋናው ጉዳያቸው መጡ።

«ልጄ፣ የምሄደው በሁዳዴ ነው። ጾሜን የሚያስገድፈኝ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ይሂድ» አሉ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እዚያ አገር ጎመኑም ላይ ሩዙም ላይ ጠብ የሚያደርጉት አንድ ጠቆር ያለ ፈሳሽ አለ። ከዓሣ ነው የሚሠራው። እዚያ እያለሁ ነግረውኛል። እኔም የሄድኩት በሁዳዴ ነበር... እያወቅሁ በላሁት። ይጣፍጣላ! ስመለስ ግን ለባለቤታቸው ለእትዬ አበባ፣ ደረቅ ሩዝ ስቆረጥም ከረምኩ ብዬ አወራሁ። እሳቸውም «በሰው አገር ጾሟን ያልገደፈች» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩልኝ። አሁን እውነቱን ብናገር፣ አንቺስ ታዲያ በምን በላሽ መባሌ አይቀርም።

ስለዚህ አያስቡ አልኳቸው። ጎመኑም ሩዙም ሞልቷል፤ ጠቆር ያለች ነገር ጠብ ያደርጉበታል፣ እሷም ያው ከባቄላ ናት አልኩ። ከአኩሪ አተር የሚሠራም ስላለ ሙሉ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አባበልኩት። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

ወደ ትናንቱ ምሳ ልመለስ። የንስሐ አባታቸውም ተጠርተው መጥተዋል። ምስር ወጡ ቀረበ። ይሄኔ አያ ኪሮስ ከሻንጣቸው አንድ የውሃ ሃይላንድ አወጡ... ውስጡ ያ ፈሳሽ! ለካ የሆቴሉ ወጥ ቤት ሴትዮ እንደወደዱት አይታ ሞልታ ሰጥታቸዋለች። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው። እትዬ አበባ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆናል አሉ።

አያ ኪሮስ ግን ኮሩ። የለም፣ ሽታው እንዲሁ ነው፣ የባቄላ ውሃ ነው፣ እሷ ናት የነገረችኝ አሉና ምስሩ ላይ ለቀቁት። ቄሱም ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን አነሱ።

ሁሉም ሊበሉ ነው። በሁዳዴ... ቄሱ ጭምር።

«አባ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ከዓሣ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን መለሱ። ባልና ሚስቱ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ የሆነ ነገር ተባባሉ፤ አልገባኝም። ከዚያ አያ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከባቄላ ነው ብለሽኝ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያወጣሁት ግን ሌላ ነው። «አላወቅሁም ነበር አያ... በቅርቡ ነው የሰማሁት» አልኩ። እትዬ አበባም ቀበል አድርገው ጠበቃ ቆሙልኝ፤ እሷማ ደረቅ ሩዝ ስትበላ ከርማ በምን ታውቃለች አሉ። ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ቄሱ ያላወቀ አይጠየቅም ብለው ሊያልፉት ነበር። አያ ኪሮስ ናቸው እምቢ ያሉት። «እኔ አላወቅሁም፤ አፌ ግን በልቷል» አሉና ስግደት ለምነው ተቀበሉ። ምስሩ ተደፋ። እንጀራ በድልህ በላን፤ እኔ እንኳ በላሁ ለማለት ያህል ነው። እኔን ምን በላሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከግድግዳው ማዶ ድም... ድም የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አያ ኪሮስ እየሰገዱ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከወንበር ሲነሱ እንኳ እትዬ አበባ ናቸው ክንዳቸውን የሚይዙላቸው። ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ ሳብኩት... አልረዳኝም። እያንዳንዱ ድም የእኔ ነበር።

ስግደቱ ሲያበቃ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጸሎት ጀመሩ። የቤታቸውን ሰው በየስሙ ጠሩ። ከዚያ የክርስትና ስሜን ሰማሁ። እትዬ አበባ ነግረዋቸው መሆን አለበት።

«ወለተ ማርያምንም ማራት» አሉ፤ «ሳታውቅ ነው።»

ታይላንድ የምትሄዱ ካላችሁ... ዣንጥላ ያዙ፣ ስስ ልብስ ያዙ፣ ጋቢም ያዙ። ስለ ምግቡ ግን እኔን አትጠይቁኝ።