ደሴ ያንቀላፋችበት ቲያትር

ስሙን አልጽፍም። ልቦለድ የሚወድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽልማት ተቀብሏል፤ ፎቶግራፉ በየመጻሕፍት መደብሩ ተሰቅሏል፤ በእሱ መጽሐፎች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠሩ ልጆችም አውቃለሁ። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ጋዜጠኛዋ "ለመሆኑ ቲያትር ሞክረው ያውቃሉ?" ስትለው ሰማሁ። "የለም፣ መድረክ የእኔ መንገድ አይደለም" ብሎ መለሰላት። መንገዱ እንዳልሆነ እኔም እመሰክርለታለሁ። ይህን ያወቅነው ግን ሞክሮት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ደሴ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እሱ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምራል። የመጀመሪያ ልቦለዱ በቅርቡ ወጥቶ ስለነበር መምህራኑ ሁሉ እየተዋዋስን አንብበነዋል። በደሴ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚሄድ፣ ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ አስቦ የሚመልስ ቀጭን ሰው ነበር።

አንድ ቀን የከተማው የቅስቀሳ ኃላፊ የነበረው ካድሬ ቢሮው አስጠራው። ሲመለስ የተነጋገሩትን ቃል በቃል ነገረኝ።

"ጓድ፣ ደራሲ ነህ አሉ።"

"አንድ ልቦለድ ጽፌያለሁ።"

"ጥሩ። ስለ አምራቾች ማኅበር ቲያትር ትጽፍልናለህ።"

"ቲያትር ሌላ ሙያ ነው፣ ጓድ። ጽፌም አላውቅም።"

"ልቦለዱ ውስጥ ሰዎች ይነጋገሩ የለም እንዴ? የሚነጋገሩትን ብቻ ጻፍና ሌላውን ተወው።"

ችግሩ የእሱ ችሎታ ሁሉ ያለው "ሌላው" ላይ መሆኑ ነበር። የእሱ ሰዎች ሲናገሩ እንደ ማንም ናቸው፤ ዝም ሲሉ ነው የሚጥሙት። ልቦለዱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በር ከፍታ እስክትገባ ሦስት ገጽ ታስባለች፤ እኛም ያንን ሦስት ገጽ ነበር የወደድንለት። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ተዋናዩ መድረክ ላይ ይናገራል፤ ሐሳቡን ደግሞ ሌላ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ በድምፅ ማጉያ ያነባል። ለዚህ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ በየሰልፉ መፈክር የማነበው እኔ ስለሆንኩ ድምፄን ከተማው ያውቀዋል። ሴት ሆኜ የገበሬ፣ ያውም የወንድ ገበሬ ሐሳብ ሆንኩ። "ሐሳብ ወንድም ሴትም አይደለም" ብሎ አሳመነኝ።

ገበሬውን የሚሠራው ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ በቀልዱ ሰው ስለሚያስቅ ነው ሳይወድ ኪነት ቡድን ውስጥ ያስገቡት። ጽሑፉን ሲሰጡት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና "መምህር፣ እኔ የምናገረው ትንሽ ነው፤ እህቴ የምታስበው ግን ብዙ ነው። ወላሂ፣ እኔ በቀን ይህን ያህል አላስብም" አለው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎቹን ለማኅበሩ እንዲያስረክብ ይጠየቃል። በመጀመሪያው ገቢር ስብሰባ ላይ እሺ ይላል፤ ሐሳቡ ግን እንቢ ይላል። በሁለተኛው በሬዎቹን ያስረክባል። ሦስተኛው ገቢር ከሁለቱ ድምር ይረዝማል፤ ገበሬው ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገጩን በእጁ ይዞ ዝም ይላል፣ ሐሳቡ ከራሱ ጋር ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ በማኅበሩ ያምናል። ደራሲው የሚኮራው በዚህ ነበር። "ሰው ስብሰባ ላይ አይለወጥም" ይለኝ ነበር፣ "ቤቱ ገብቶ ብቻውን ሲቀር ነው የሚለወጠው።" ከልቡ ነበር የጻፈው። ካድሬው ከጽሑፉ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይቶ "መጨረሻ ላይ ያምናል?" ብሎ ጠየቀ። "ያምናል" አለው። "በቃ" አለና ፈቀደ።

ደሴ ላይ ያሳየነው እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ሰዓት እላፊ ስላለ ቲያትር በቀን ነበር የሚታየው። ቀበሌዎቹ ነዋሪውን ሰብስበው አምጥተው አዳራሹን ሞሉት፤ በሩ ላይ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ቆመ፣ እንዲገቡ ሳይሆን እንዳይወጡ።

ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል። ነጋዴው ተናግሮ ሲያበቃ የእኔ ድምፅ ከላይ ሲመጣ ሰው ወደ ጣሪያው ያያል። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለተዋናዩ አዘኑለት መሰለኝ፣ "ልጄ፣ ሴትዮዋ እየጠራችህ ነው፣ አቤት በላት እንጂ" አሉት። ነጋዴው ጨዋ ሰው ስለሆነ "ሰምቻለሁ፣ እናቴ" ብሎ መለሰላቸው። ደራሲው አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ሁለተኛው ገቢር እንዳለቀ የሰላት ሰዓት ደረሰ። ጥቂት ሽማግሌዎች ተነሥተው ጥበቃውን አስፈቀዱ፤ እሱም የወሎ ልጅ ነውና ሰላት አልከለከለም። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ከዚያም ማተብ ያሰሩ ሴቶች ሳይቀሩ "ሰላት ልንሰግድ" እያሉ ወጡ። ያን ቀን የደሴ ክርስቲያን ሁሉ ሰላት ነበረበት። ማንም አልተመለሰም።

ለመውጣት ያፈሩት ሦስተኛውን ገቢር አዩ፤ አዩ ማለት ከተቻለ። እኔ አነባለሁ፣ ነጋዴው ድንጋዩ ላይ አገጩን ይዟል። በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ የፊተኛው ረድፍ አንገቱን ደፍቷል። ካድሬው አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ነጋዴው ተነሥቶ "አሁን ገባኝ" የሚልበት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አለ። ቃሉን ደግሜ አነበብኩለት፤ አሁንም ዝም። ለካ እሱም አንቀላፍቷል። ድምፅ ማጉያውን በእጄ ሸፍኜ በሹክሹክታ ብጠራው ብድግ አለና "አቤት፣ ስንት ሜትር ነው?" አለ። የቀረው ሕዝብ ነቅቶ ሳቀ። መጋረጃው በዚህ ተዘጋ።

ደራሲው መድረኩ ጠርዝ ላይ ብዙ ቆየ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ተኙ" አለኝ። "ደክሟቸው ነው" አልኩት። "አይደለም" አለ፣ "እኔ ነኝ ያስተኛኋቸው። እንደ መጽሐፍ ጻፍኩት። መጽሐፍ ሲሰለችሽ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ፤ እነዚህን ግን ዘግተንባቸው ነው።"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ቲያትሩ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንዲታይ አስቀድሞ ተወስኗል። ካድሬው ቡድኑን በሙሉ ሰበሰበና "ሦስተኛው ገቢር ይውጣ" አለ። "ሰው የተኛው እዚያ ላይ ነው።"

"ጓድ፣ ሰውየው የሚያምነው እኮ እዚያ ላይ ነው" አለ ደራሲው።

"ሁለተኛው ላይ በሬዎቹን አስረክቦ የለም?"

"አስረክቧል።"

"ካስረከበ አምኗል ማለት ነው።"

ነጋዴው ብቻ "ጉልበቴም ያርፋል" ብሎ ተደሰተ።

በጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ሙቀቱ ደራሲውን ሁለቱንም ሹራብ አስወለቀው። የፋብሪካው የሠራተኞች አዳራሽ ከላብ አደሩ ሌላ ከሐርቡ በኩል በመኪና ተጭነው በመጡ ገበሬዎች ተሞልቷል። ማኅበሩ ውስጥ እንዲገቡ ሲነገራቸው የከረሙ ናቸው፤ ቲያትሩ እንዲያሳምናቸው ነው የመጡት። ድምፅ ማጉያው የፋብሪካ ስለሆነ እንደ ደወል ጥርት ያለ ነበር።

መድረኩ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር ይጠይቃል፦ "ማኅበሩ ውስጥ የምትገባው በፈቃድህ ነው?"

ነጋዴው ይመልሳል፦ "በፈቃዴ ነው። እንዲያውም ዘግይቻለሁ።"

እኔ ከመጋረጃ ጀርባ፦ "ቀዩ በሬ ከሌላ ሰው እጅ ውኃ አይጠጣም።"

ከዚያ ከኋላ፣ ገበሬዎቹ ከተቀመጡበት፣ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም።

"በሬዎቹንስ?"

"ለማኅበሩ ይሁኑ፤ ለእኔ ምን ይሠሩልኛል።"

እኔ፦ "ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? በአፌ የሚያወራው ማነው?"

ሳቁ አላስቀጥል አለኝ። ደሴ ላይም ያነበብኩት ይህንኑ ነበር፤ ግን የከተማ ሰው በሬ የለውም። እዚህ እያንዳንዱ ሐሳቡን በድምፅ ማጉያ እየሰማ ነው። ደራሲው ክንዴን ያዘኝ። "ምን ያስቃቸዋል? የሚያሳዝን ነገር እኮ ነው የጻፍኩት።"

"እኔ እንጃ። ልቀጥል?"

ወደ አዳራሹ ጆሮውን አዘንብሎ ቆየና "ቀጥዪ" አለኝ።

ካድሬው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጀመሪያ ከሁሉ በላይ ይስቅ ነበር። በኋላ ዞር ብሎ የሚስቁትን አየ፤ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ነጋዴው የበሬዎቹን ገመድ ለሊቀመንበሩ ሰጥቶ "ዛሬ የደስታዬ ቀን ነው" አለ። እኔ ደግሞ "ነገ ጠዋት ተነሥቼ ምን እሠራለሁ?" ብዬ አነበብኩ። ከዚህ በኋላ የሚያምንበት ገቢር ነበር፤ ግን የለም፤ መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በአብዮት በዓል ቀን በትእዛዝ የሚመታውን ዓይነት ጭብጨባ አውቀዋለሁ፤ ይህ ሌላ ነበር።

ስወጣ አንድ የሐርቡ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"አንቺ ነሽ ስታስቢ የነበረው?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"አላህ ይጠብቅሽ። ግን ቀስ ብለሽ አስቢ።"

ወደ ደሴ ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደራሲው ሹራቡን መልሶ እየለበሰ "እንዲህ ዓይነት ጭብጨባ ዳግመኛ የምሰማ አይመስለኝም" አለኝ፤ ቀጥሎም "ነገ ያስሩኛል" አለ።

በማግሥቱ ካድሬው ሁላችንንም ጠርቶ በሩን ዘጋ።

"ያ ነገር ጸረ አብዮት ነው የሚሉ አሉ" አለ። "ገበሬው ሳያምን እንዴት ያልቃል? የሚያምንበትን ክፍል የቆረጠው ማነው?"

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎ ነዎት፣ ጓድ።"

"ማን ሰምቷል?"

"ቡድኑ በሙሉ" አለ ነጋዴው በትሕትና።

ካድሬው ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ። ሲዞር ረጋ ብሎ ነበር። "ኮምቦልቻ ላይ ቲያትር አልታየም" አለ። "መኪናው ሐረጎ ላይ ተበላሽቶ ተመልሳችኋል።"

"ሕዝቡ አይቶት የለም?" አልኩ እኔ።

"ሕዝቡ ይረሳዋል። እናንተም አግዙት።"

ቅጂዎቹ ተሰብስበው ተወሰዱ፤ የተቆረጠውን ሦስተኛ ገቢር ግን የጠየቀ አልነበረም። ማንም አልታሰረም፤ ደራሲውን ለማሰር መጀመሪያ ካድሬው ራሱን ማሰር ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ደራሲው ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እኛም እንደታዘዝነው ረሳን።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ትልቁ ልቦለዱ ወጣ፣ ዝነኛ ያደረገው። ገዝቼ ሳነብ አንድ ምዕራፍ ላይ ደንግጬ ቆምኩ። ሰውየው ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የማያምንበትን ነገር አምናለሁ እያለ ራሱን ያሳምናል። ሦስተኛው ገቢር ነው። ጥቂት ቃል ተለውጧል እንጂ እኔው በአፌ ያነበብኩት ነው። ሃያሲዎች ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያደንቁት ያንን ምዕራፍ ሆነ። እኔም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳነበው አለቀስኩ፤ ደሴ ግን ተኝታበት ነበር።

ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ሊፈርም ደሴ መጣ። ሸምግሏል። ተሰልፌ ስደርስ ያኔ "አንተ" ስለው እንዳልነበር "እንደምን ነዎት?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

"ድምፅሽን አውቀዋለሁ" አለኝ። "ምነው 'እርስዎ' አልሽኝ?"

"ሬዲዮ ላይ ቲያትር ሞክሬ አላውቅም ስትል ሰምቼህ ተቀይሜ ነው።"

ሳቀ። "ምን ልበል? ደሴ ላይ የታየው የእኔ ነበር፤ ሰው ተኛ። ኮምቦልቻ ላይ የታየው የካድሬው ነው፤ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። የቱን ጻፍኩ ልበላት?"

ከዚያ ስለ ነጋዴው ጠየቀኝ። እንዳለ ነገርኩት። ፊርማው ሲያልቅ አዘጋጆቹን ምሳ ይቅርብኝ ብሎ ከእኔ ጋር ወደ ሰኞ ገበያ ሄደ። ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ተቀምጧል፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ስለ ሽልማቱም ስለ ዝናውም የነገረው የለም። መነጽሩን አውልቆ ብዙ አየውና ተነሥቶ አቀፈው።

"መምህር፣ አሁንም ቲያትር ይጽፋሉ?"

"ትቼዋለሁ።"

"እንዴ፣ ለምን?" አለ ነጋዴው ከልቡ አዝኖ። "ትንሽ ይረዝማል እንጂ ጥሩ ይጽፉ ነበር።"

ሻይ አዘዘልን። ደራሲው ጣቃ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ድረስ ሲያወራ ዋለ፤ አንድም ጊዜ ስለ ልቦለዶቹ አላነሣም።